ዋጋውን ከፍ አደረጉ፣ ዕቃውን ግን አላስጻፉም

ጥያቄ፦ «ቪትዝ መኪና አለኝ። ቸርኬውን አስቀይሬ፣ ስክሪንና ሙዚቃ አስገጥሜ፣ ወንበሮቹን በቆዳ አስለብሼ ወደ 300 ሺህ ብር አውጥቻለሁ። ኢንሹራንስ ሳድስ ይህንኑ አስቤ ዋጋውን ከ1.9 ወደ 2.2 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጌ ሙሉ ዋስትና ገባሁ፤ አረቦኑንም (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን) በዚያው ልክ ከፈልኩ። ከሁለት ወር በፊት ወደ አዳማ ስንሄድ ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ኩባንያው ከ1.9 ሚሊዮን በላይ አልከፍልም ይላል። ደንበኞቼ ሁሉ ያደነቁት ወንበር እንዴት ዋጋ የለውም ይባላል? ልክሰስ ወይ?»

መልስ፦ እንኳን ነፍስዎ ተረፈ።

ወደ 300 ሺው ከመሄዴ በፊት ግን ሁለት ቃላት ያዙኝ፤ «ስንሄድ» እና «ደንበኞቼ»። የቤት መኪና ደንበኛ የለውም። የታርጋዎን ኮድ አልነገሩኝም። ኮድ 2 (የግል መኪና) ከሆነና በውሉ ላይ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ሰው በክፍያ ይጭኑበት ከነበረ፣ ጉዳዩ የቸርኬ መሆኑ ይቀራል፤ ዛሬ እንከፍላለን ያሉትን 1.9 ሚሊዮንም ይነካል። ክስ ሲመሠርቱ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ ማን ማን ተሳፍሮ እንደነበረ እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ቅር አይበልዎት።

ይደብቁት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 667 እና 668 መሠረት ውል ሲገባ ስለ አደጋው መጠን የሚያውቁትን በትክክል መናገር ግዴታዎ ነው። ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ያፈርሰዋል፤ ባለማወቅ ከሆነ ውጤቱ ይቀልላል፣ ካሳው ግን ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ይህን ነጥብ ከማንኛውም ደብዳቤ በፊት ከጠበቃ ጋር ይጨርሱት። (አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከወጣ ወዲህ የድሮው ሁሉ የተሻረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የ1952ቱ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ግን ዛሬም ይሠራል።)

አሁን ወደ ጥያቄዎ። እርስዎ የገቡበት ጉድጓድ ደንበኞቼ እየተከታተሉ የሚገቡበት ነው። አንዱ ቢሮዬ መጥቶ የቸርኬውን ፎቶ በስልኩ እያገላበጠ ያሳየኝ ጀመር። ፎቶውን ተወውና ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) አምጣ አልኩት። ከፖሊሲው ጋር በተያያዘው ዝርዝር ላይ «ተጨማሪ ዕቃዎች» ከሚለው ፊት ለፊት የነበረው አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። «ዋጋውን እኮ ከፍ አድርጌያለሁ» አለኝ፣ ልክ እንደ እርስዎ።

በፖሊሲው ላይ የሚጻፈው የገንዘብ መጠን ኩባንያው ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ እከፍላለሁ ብሎ የገባው ቃል አይደለም። አንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው ይላል፤ ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። «ንብረቱ» ምንድን ነው? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ «ቶዮታ ቪትዝ» ብሎ ካቆመ፣ የጉዳት ገማቹ የሚተምነው ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ቪትዝ ነው። ጣሪያውን ከፍ አድርገው አረቦን ከፈሉ፣ ከጣሪያው ሥር ግን የጨመሩት ዕቃ የለም። ዕቃው ተቆጥሮ ቢሆን እንኳ የሚታሰበው ያወጡት 300 ሺህ ሳይሆን በዕለቱ የነበረው ዋጋ ነው፤ የተቀመጡበት ቆዳ እንደ አዲስ አይተመንም።

በር ሁሉ ተዘጋ ማለት ግን አይደለም። ሲያድሱ የሞሉት የማመልከቻ ቅጽ ላይ ስለ ዕቃዎቹ የጻፉት ነገር አለ? ከማደሱ በፊት የኩባንያው ሠራተኛ መኪናዋን አይቶ ፎቶ አንስቷል? ፎቶው ላይ አዲሱ ቸርኬ ከታየ፣ አይተውና አውቀው በ2.2 ሚሊዮን ልክ አረቦን ተቀብለዋል ብሎ ለመከራከር መነሻ ይሆናል። አሻሚ የሆነ የውል ቃል ካለም አዘጋጅቶ ባቀረበው ወገን ላይ እንዲተረጎም መጠየቅ ይቻላል። «ለኤጀንቱ በአፍ ነግሬዋለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። ዕቃው ከሶማሌ ተራ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ከሆነም ማስረጃው ይከብዳል፤ የገጠመልዎትን ባለሙያ ከአሁኑ ያፈላልጉ፣ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ፖሊሲውን ከነዝርዝሩና ከነማሻሻያው (ኢንዶርስመንት የሚሉት)፣ የማመልከቻ ቅጹን ቅጂ፣ የአረቦን ደረሰኞችን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የኩባንያውን ደብዳቤ ይሰብስቡ። ኩባንያው መልሱን በቃል ከሰጠዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ፖሊሲው የግልግል አንቀጽ (ክርክሩ በገላጋይ ዳኛ ይታይ የሚል) ካለው በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ላይቻል ስለሚችል ያንንም ለጠበቃዎ ያሳዩ። የይርጋው ጊዜ (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት) በአንቀጽ 674 ሁለት ዓመት ነው፤ «እናየዋለን» እየተባሉ ሲመላለሱ ያልቃል። ተሳፋሪ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ የሦስተኛ ወገን ሰነድዎንም ይጨምሩ።

ገንዘቡን ሲሰጡዎት «የመጨረሻ ክፍያዬን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያቀርቡልዎታል። ጠበቃዎ ሳያነበው አይፈርሙ።