ማንም ሳይነካው የፈነዳው የበረንዳ ጠረጴዛ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። በረንዳችን ላይ ክብ የመስታወት ጠረጴዛ ነበረን፣ ፍሬሙ ብረት ነው መሃሉ ላይ የጃንጥላ ቀዳዳ አለው። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰአት ገደማ እኔ ጓዳ ነኝ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ከዶሮ በቀር ማንም የለም፣ ድንገት እንደ ጥይት ጮኸ። ስወጣ ፍሬሙ ባዶውን ቆሟል መሬቱ ላይ በቆሎ የተደፋ ነው የሚመስለው። ጎረቤቶቼ የሰው አይን ነው ፀበል ርጪበት አሉኝ። እዚህ ያለ መስታወት ቆራጭ ባለ 4 ሚሊ ተራ መስታወት በነገው እለት ቆርጬ እገጥምልሻለሁ ብሎኛል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እህቴ ከሁሉ በፊት እንኳን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሆኑልሽ። ያንን ተራ መስታወት ግን እባክሽ አታስገጥሚ። ቆራጩ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ለመስኮት የሚሰራውን ነው የነገረሽ፣ ጠረጴዛ ግን ሰው ክንዱን የሚደገፍበት ልጅ የሚንጠለጠልበት ነገር ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አንድ ዘመድ ቤት ለበአል ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን እያለ አይኔ ያየውን ልንገርሽ፣ ጠረጴዛው ተራ መስታወት ነው፣ አንዷ ፍም ያለበትን የእጣን ማጨሻ አንስታ እላዩ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ መስታወቱ ከማጨሻው ስር ተነስቶ እስከ ጠርዙ ድረስ ተሰነጠቀ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ደግሞ ሲኒዎቹ እንዳይወድቁ ብላ እጇን ሰደደች። የወደቀው ስባሪ ልክ እንደ ካራ ነበር፣ መዳፏን እስኪሰፉላት ድረስ ቡናውም በአሉም ቀረ። ከዛ ቀን ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ተራ መስታወት ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ያንቺው የፈነዳው ቴምፐርድ የሚባለው ነው። በምን አወቅክ ብትይ በቆሎ የተደፋ ይመስላል ብለሽ ራስሽ ነግረሽኛል። ቴምፐርድ ሲሰበር እንደዛ ፍሬ ፍሬ ነው የሚሆነው፣ ይቧጭር ይሆናል እንጂ እንደ ካራ አይሰነጥቅም። አሰራሩም እንዲህ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ መስታወቱን ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግሉትና በሀይለኛ አየር ባንዴ ያቀዘቅዙታል። ላይ ላዩ ቶሎ ይደርቃል ውስጡ ዘግይቶ ነው የሚሰበሰበው፣ እየተሰበሰበ ሲሄድ ላዩን ወደራሱ ይስበዋል፣ ስለዚህ እድሜ ልኩን ላዩ እንደተጨመቀ ውስጡ እንደተወጠረ ይኖራል። ጥንካሬውም ከዚህ ነው የመጣው፣ ከተራው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይችላል። ግን ያ የተጨመቀው ቆዳ አንድ ቦታ ከተበሳ ውስጥ ያለው ውጥረት ባንዴ ስለሚለቀቅ ከዳር እስከ ዳር ይበተናል፣ እንደ ጥይት የጮኸብሽም ለዚህ ነው።

ማንም ሳይነካው ለምን? ፀበሉን መርጨትሽን አልነቅፍም፣ ግን ፍሬሙንም እይው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው፣ ከወራት በፊት ወንበር ገጭቶት ወይ ሲጓጓዝ ጠርዙ በጥቂቱ ተሸርፎ ማንም ልብ ሳይለው ይቆይና አንድ ቀን ፀሀይ ሲበረታ ይለቃል። ሁለተኛው ዝገት ነው። የኛ አገር ክረምት መቼም ታውቂዋለሽ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙ ፍሬሙ ከንፈር ውስጥ ይተኛል ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጥና መስታወቱን ከጎን ይጨምቀዋል። ሶስተኛው ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣ ነው፣ ኒኬል ሰልፋይድ የሚባል በአይን የማይታይ ጠጠር ውስጡ ቀርቶ ቀስ እያለ እያደገ በአመቱም ከዛም በኋላ ሊያፈነዳው ይችላል። ስባሪው ካልተጣለ ፈልጊ፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስሉ ሁለት ፍሬዎች ካገኘሽ ጠጠሩን ጠርጥሪ። ስባሪ ከተነሳ አይቀር ማታ ባትሪ ይዘሽ መሬት ላይ ዝቅ አርገሽ አብሪ፣ ጠራርጌዋለሁ ያልሽው ሁሉ ሲያብለጨልጭ ታይዋለሽ፣ ዶሮዎቹ ሳይለቅሙት ልጆቹም በባዶ እግር ሳይረግጡት አንሺው።

አሁን ወደ መተካቱ። አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ፣ ቴምፐርድ አንዴ ከተሰራ በኋላ አይቆረጥም አይበሳም፣ የሚቆረጠውም የጃንጥላው ቀዳዳ የሚበሳውም እሳት ከመግባቱ በፊት ነው። ልኩ 1 ሳንቲም ከበለጠ አምጡልኝ ትንሽ ላስተካክለው ማለት የለም፣ ገንዘብሽን ነው የምታፈሺው። ስለዚህ ልኩን በስልክ አትናገሪ፣ ካርቶን ግዢና ፍሬሙ ውስጥ ልክክ ብሎ እንዲቀመጥ አርገሽ ቁረጪ፣ ቀዳዳውንም እዛው ላይ ቁረጪው፣ ኦርደር ስትሰጪ ካርቶኑን ራሱን ላኪው። ክብ ነው ብለሽ ባንድ በኩል ብቻ አትለኪ፣ መሃሉን አቋርጠሽ በሶስት አቅጣጫ ለኪ፣ ብየዳ ላይ የተጣመመ ፍሬም ብዙ ነው። መስታወቱ ግን ከካርቶኑ ትንሽ አንሶ ይሰራ በያቸው፣ ከፍሬሙ ጋር ዙሪያውን 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑረው፣ ብረቱም መስታወቱም በሙቀትና በብርድ እኩል ስለማይሰፉና ስለማይጠቡ መተንፈሻ ይፈልጋሉ።

ውፍረቱ ዙሪያውን ፍሬም ላይ የሚያርፍ ከሆነ ባለ 6 ሚሊ ይበቃሻል። ፍሬም የሌለው እግሮቹ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ባለ 10 ሚሊ እልሽ ነበር። ክብደቱን እንድታውቂው፣ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በያንዳንዱ ሚሊ 2.5 ኪሎ ነው፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ክብ ባለ 6 ሚሊ ወደ 17 ኪሎ ይመጣል፣ ለብቻሽ አታንሺው። ጠርዙ ዙሪያውን ተሞርዶ የለሰለሰ ይሁን። ሲመጣልሽ ቴምፐርድ መሆኑን አረጋግጪ፣ ብዙ ጊዜ ጠርዙ አካባቢ ትንሽ ማህተም አለው፣ ፖላራይዝድ የሚባለውን የፀሀይ መነፅር አርገሽ ሰማዩ ሲያርፍበት ብታይው ደግሞ እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ወይ ሰንበር ይታይሻል፣ ተራው ላይ ይሄ የለም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣልሽ ከሆነ መንገዱን አስቢበት፣ የአባይ በረሃን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መኪናው ስንት ጊዜ ፍሬን እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። መስታወት ተኝቶ አይጓዝም፣ በጠርዙ ቆሞ ብርድ ልብስና ካርቶን ተደርጎለት ግራና ቀኝ እንዳይነቃነቅ ታስሮ ነው የሚመጣው። እስኪደርስ ድረስ ፍሬሙን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍጊው፣ አንቲረስት አስቀቢው፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ በትራፓኖ ሁለት ሶስት ቀዳዳ አስበሺለት። መስታወቱ ብረት ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ ጎማ አርጊበት፣ ካጣሽ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠሽ በየ20 ሳንቲሙ አጣብቂ። ጃንጥላውም የራሱ ከባድ መቆሚያ ይኑረው፣ ቀዳዳው ላይ ተደግፎ የቆመ ጃንጥላ ንፋስ ሲመታው መስታወቱን ነው የሚጎትተው፣ ቀዳዳው ውስጥም የጎማ ወይ የፕላስቲክ ቀለበት አይጥፋ።

ገንዘቡ አሁን ካልሞላልሽ እስከዛው ጥሩ ጣውላ አስለጥፊበት፣ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። የእጣን ማጨሻውንም ጀበናውንም ከነፍሙ ከነግለቱ አዲሱ መስታወት ላይ አታሳርፊ፣ ቴምፐርድ ሙቀት ይችላል ቢባልም ረከቦትና ማቶት እያለ ለምን ብለሽ ትፈትኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ትንሽ ካፌ አለኝ፣ ውጪ ያሉት ጠረጴዛዎች መስታወት ናቸው። የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ሰራበት፣ ልጆቹ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ቢያሹት ጭራሽ ደፈረሰ። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ሽቦውን ዛሬውኑ ከካፌው አውጣልኝ። ነጩ ነገር ውሃው ሲደርቅ ጥሎት የሚሄድ ካልሲየም ነው፣ በጉልበት ሳይሆን በአሲድ ነው የሚለቀው። አቼቶና ውሃ እኩል በኩል አርገህ በጨርቅ አልብሰው፣ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ በለስላሳ ስፖንጅ አሽተህ በንፁህ ውሃ አለቅልቅና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ አቼቶ ከጠፋ ሎሚም ይሆናል። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ላይ ሞክር፣ ከጠራልህ ካልሲየም ነበር፣ ካልጠራ ግን የሽቦው ጭረት ነውና አቼቶ አያወጣውም። ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ዱቄት ስስ ጭረት ይወለወላል፣ ጥፍርህን ስታንሸራትት የሚይዝህ ጥልቅ ጭረት ከሆነ ግን አትልፋ፣ ቀይረው። ከአሁን በኋላ ጠዋት ፀሀይ ሳይከር ይታጠብ፣ በጋለ መስታወት ላይ ሳሙናው እዛው ይደርቅበታል፣ ጨርቅ ከመንካቱም በፊት አቧራው በውሃ ይውረድ፣ አሸዋ ያለበት ጨርቅ ከሽቦው አይሻልም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። ክረምት ሲገባ የመስታወት ጠረጴዛዬን ውጪ ልተወው ወይስ ላስገባው? በረዶው ያሰጋኛል።

መልስ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ደቃቁ በረዶ ቴምፐርድን እምብዛም አይጎዳውም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግቢዎ ውስጥ ባህር ዛፍ ካለ ንፋሱ ገንጥሎ የሚጥለው ቅርንጫፍ ነው። ማስገባት ከቻሉ ያስገቡት፣ ግን ሁለት ጎረምሳ ይጥሩ እንጂ እርስዎ አይንኩት። ሲሚንቶ ላይ ባዶውን እንዳያቆሙት፣ ከስሩ ሁለት ጣውላ ያንጥፉ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ አርገው ትንሽ ዘንበል ብሎ ይደገፍ፣ ልጆች የማይሮጡበት ክፍል ይሁን። መስከረም ላይ መልሰው ሲያወጡት ከመግጠምዎ በፊት ጣትዎን ሳይሆን ጨርቅ ይዘው ጠርዙን ዙሪያውን ይዳስሱት፣ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ካለ ተሸርፏል ማለት ነው፣ አይግጠሙት።