በ«ሠም» ተከፍቶ በ«ሰም» የተዘጋ ፋይል

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸና ከተማ ነው። በልጅነቴ በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ ከአካባቢው መምህራን አፍ የሰበሰብኋቸውን ቅኔያት በኮምፒውተር እያሰፈርሁ ነው። አንድ ወዳጄ በኤክስኤምኤል (XML፣ የጽሑፍን ክፍሎች በመክፈቻና በመዝጊያ መለያ እየለዩ የሚያስቀምጡበት የፋይል አጻጻፍ) ባስቀምጣቸው እንደሚሻል ነግሮኝ ጀመርሁ፤ ሆኖም ፋይሉ የመክፈቻና የመዝጊያ መለያው አይገጥምም እያለ አልከፈት አለኝ፤ እኔ ግን ባየው ባየው ልዩነቱ አይታየኝም። ይህስ ቢስተካከል፣ ቅኔያቱ በሥርዓት መግባታቸውን የሚመረምርልኝ፣ በኋላም ለተማሪዎች ወርቁን ሰውሮ የሚያትምልኝ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ከላኩልን ፋይል የተሰናከለው ክፍል ይህ ነው፦

<ጉባኤ_ቃና>
  <ቤት>…</ቤት>
  <ቤት>…</ቤት>
  <ሠም>…</ሰም>
  <ወርቅ>…</ወርቅ>
</ጉባኤ_ቃና>

አራተኛውን መስመር ይመልከቱ። በንጉሡ ሠ የከፈቱትን በእሳቱ ሰ ዘግተውታል። ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ «በ» እና «ገ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ የተከፈተው ሳይዘጋ ያልተከፈተ ሌላ ነገር የተዘጋ ይመስለዋል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች በትልቅና በትንሽ ፊደል መምታታት ይቸገራሉ፤ እኛ ከዚያ ብንድንም ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ይጠብቁናል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ብዬ ጽፌ ግማሽ ቀን ሙሉ ስህተቱን ፍለጋ ደክሜአለሁ። ስለዚህ የመለያዎቹን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከጠረጴዛዎ አያርቁ፤ ከዚያ ወረቀት ውጭ አይጻፉ።

የድረ ገጽ ማሳያዎች የተበላሸ ገጽ ሲያጋጥማቸው እንደምንም ገምተው ያሳያሉ። ኤክስኤምኤል ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም፤ ደንቡ ራሱ እንዲህ ያለ ስህተት ያገኘ ፕሮግራም ሥራውን እንዲያቆም ያዝዛል። ሁሉን የሚያቅፍ አንድ የውጭ መለያ መኖሩ፣ የተከፈተው ሁሉ መዘጋቱ፣ በኋላ የተከፈተው አስቀድሞ መዘጋቱ፣ የአትሪቢዩት (በመክፈቻ መለያው ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ) ዋጋ በቀጥተኛ የጥቅስ ምልክት መታቀፉ ይፈለጋል። «እንዲህ» ያለው የእኛ ትእምርተ ጥቅስ ለዚህ አያገለግልም። ጽሑፉንም በሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሳይሆን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ጽፈው በዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ የእኛንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት) ያስቀምጡት፤ የሰነድ ማዘጋጃዎች ቀጥተኛውን የጥቅስ ምልክት በራሳቸው ፈቃድ ወደ ጠማማ ይለውጡታልና።

መለያዎቹን በአማርኛ መሰየምዎን ወድጄዋለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይወቁ። የመጀመሪያው የኤክስኤምኤል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ለስም የሚፈቀዱት ፊደላት በዚያን ጊዜ በነበረው ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ) ተዘርዝረው ነበር፤ የእኛ ፊደል ግን ወደ ዩኒኮድ የገባው በቀጣዩ ዓመት በ1999 ነው። በዚህ የአንድ ዓመት መቀዳደም ምክንያት በፋይሉ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ሲቻል መለያውን በአማርኛ መሰየም ግን ሳይፈቀድ ቆየ። በ2004 የወጣው ስሪት 1.1 በሩን ከፈተ፤ በ2008 ደግሞ የስሪት 1.0 አምስተኛ እትም ይህንኑ ፈቀደ። ዛሬም አራተኛውን እትም ብቻ የሚያውቁ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ በአንዱ የሚነበበው ፋይልዎ በሌላው ቢከለከል ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ እስካሁን ያልነው ሰነዱ በአግባቡ የተዋቀረ መሆኑን ብቻ ነው። ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት፣ ማለት ባለ ሁለት ስንኝ፣ የቅኔ ዓይነት) ብለው ሦስት ቤት ቢያስገቡበትም መለያዎቹ እስከተዘጉ ድረስ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይቀበልዎታል። ሁለት ቤት መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ስኪማ የሚባለው የደንብ ፋይል ሲጻፍለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች <ቅኔ> የሚል አንድ መለያ ብቻ አድርገው ዓይነቱን በአትሪቢዩት ይጽፋሉ፤ ነገር ግን በስፋት የሚሠራበት የስኪማ መጻፊያ ቋንቋ፣ ኤክስኤስዲ (XSD) 1.0፣ የአትሪቢዩቱን ዋጋ አይቶ የቤቱን ቁጥር መወሰን አይችልም። እርስዎ እንዳደረጉት <ጉባኤ_ቃና> ለብቻው፣ <ዘአምላኪየ> ለብቻው ሲሆኑ ግን ለመጀመሪያው ሁለት፣ ለሁለተኛው ሦስት ቤት ብሎ መደንገግ ይቻላል። ሚ በዝኁ የተባለው የቅኔ ዓይነትም ሦስት ቤት ስለሆነ ቁጥሩ ዓይነቱን ለይቶ አይነግርዎትም። ቤቱ መምታቱን፣ ዜማው መሙላቱን፣ ወርቁ ወርቅ መሆኑን ደግሞ የትኛውም ስኪማ አያውቅም፤ ያ የመምህሩ ሥራ ነው።

ቅኔው የተባለበትን ቀን በተመለከተ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኤክስኤስዲ ውስጥ ያለው የቀን ዓይነት የተሠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። በጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የተባለውን ቅኔ 2016-13-03 ብለው ቢጽፉ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይጥለዋል፤ ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ቢሉትም ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ስለሌላት አይቀበልም። ከዚህም የሚከፋው የሚያልፈው ነው፤ የካቲት 12ን 2016-06-12 ብለው ሲጽፉ ያለ ተቃውሞ ይገባና ጁን 12 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት መለያ ከፍለው፣ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30 እንዲሆን በስኪማው ይገድቡ። ቁጥሩንም በተለመደው አኃዝ ይጻፉት፤ ፫ን እንደ ቁጥር አይቆጥረውም።

ስኪማውን ለመጻፍ አይቸኩሉ እንጂ። መጀመሪያ ዐሥር ያህል ቅኔ በእጅዎ መለያ ያድርጉባቸው፤ ያላሰቡት ነገር፣ ለምሳሌ አንድ መምህር ለአንድ ቅኔ ሁለት ወርቅ ሲያወጡለት፣ የሚገለጠው ያኔ ነው።

ለተማሪዎች የሚሆነውን ቅጂ የሚያወጣልዎት ኤክስኤስኤልቲ (XSLT) የተባለው የኤክስኤምኤል መለወጫ ቋንቋ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነካ፣ «ቤት ስታገኝ በራሱ መስመር አስቀምጥ» በሚሉ ደንቦች አዲስ ሰነድ ይሠራል፤ ከአንዱ ፋይል ድረ ገጽም፣ የሚታተም ጽሑፍም፣ ወርቁ የተሰወረበት የመልመጃ ወረቀትም ይወጣል። ወርቁን ለመሰወር ግን ስለ <ወርቅ> ምንም ደንብ አለመጻፍ አይበቃም። ደንብ ያልተጻፈለት መለያ ሲገኝ በውስጡ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ተገልብጦ ይወጣልና፣ ተማሪው ከጥያቄው ጋር መልሱን ይዞ ይሄዳል። ለ<ወርቅ> ባዶ ደንብ ይጻፉለት፤ ሲያገኘው ምንም አያወጣም። ካወጡም በኋላ፣ ከማተምዎ በፊት፣ ከአንዱ ወርቅ ማብራሪያ ውስጥ አንድ ቃል መርጠው በአዲሱ ፋይል ውስጥ ይፈልጉት።