የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ኤላስቲካን ያፈረሰው የዜማ ስርቆት ክሱ ነው ወይ?
አይደለም። ዋየርና ስትራንግለርስ የተባሉት ባንዶች «ዜማችንን ወስዳችኋል» ብለው ያነሱት ጣጣ ከፍርድ ቤት ውጪ በስምምነት አልቋል። ክሱ ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ የኤላስቲካን ዘፈን የ«ኮኔክሽን»ን መግቢያ ጊታር ስማውና የዋየር ቁርጥ ነው።

የበተናቸው የሁለተኛው አልበም መዘግየት ነው። ጀስቲን ፍሪሽማን ስዌድ ከተባለው ባንድ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ላይ አቋቋመችው፣ የ1995ቱ አልበም እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ኮንሰርት በኮንሰርት ሆኑ፣ አደንዛዥ ዕፅ ገባ፣ ቤዝ ተጫዋቿ አኒ ሆላንድ በዚያው ዓመት ወጣች፣ ጊታሪስቷ ዶና ማቲውስም ቆይታ ተከተለቻት፣ ሁለተኛው አልበም በ2000 ሲወጣ ብሪትፖፕ (የ90ዎቹ የእንግሊዝ ጊታር ፖፕ) ራሱ ጊዜው አልፎበታል። በ2001 አበቃ።

ብቻ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ጠብቀህ እንዳትከፍተው። እኔ የጋበዝኳቸው ጓደኞቼ ግማሹ ላይ ነው የዘጉት። ሽፋኑን ግን እየው፣ የሠራችው ያኔ ገና ዘፈን ያልጀመረችው ዘፋኟ ኤም.አይ.ኤ. ናት።