ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ አትነሡ

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪዎች በቡድን መማራቸው አዲስ ነገር አይደለም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር። እኔም ሥራን ከሌሎች ጋር መሥራት የለመድሁት እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነው። እናንተ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በቨርቹዋል ሲሙሌሽን፣ ማለትም የሕክምና ጉዳይን በኮምፒውተር ላይ እንደ እውነተኛ አድርጎ በሚያሳይ ልምምድ፣ መለማመድ ትችላላችሁ። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል።

በልምምዱ ላይ የወለደች እናት ደም እየፈሰሳት ነው እንበል። የፈሰሰው 500 ሚሊ ሊትር አልፏል፣ የልብ ምቷም እየፈጠነ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ «ኦክሲቶሲን ይሰጣት!» ይላል፤ ማኅፀንን አኮማትሮ ደም የሚያቆመው መድኃኒት ማለቱ ነው። ማን ይስጣት? ሁሉም ሌላው የሚሰጥ ይመስለውና ደቂቃዎች ያልፋሉ። አዋላጇን በስሟ ጠርታችሁ «10 ዩኒት በጡንቻ ስጪ» በሏት። እርሷም መጠኑን ደግማ ትናገር፤ ከሰጠች በኋላም «ሰጥቻለሁ» ትበል። ለወጣት ይህ ድግግሞሽ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። በሌሊት ተረኛ ሆናችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ቤተሰብ በር ላይ እያለቀሰ ሳለ ግን ከአፋችሁ የሚወጣው የለመዳችሁት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ያዘዘው በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። ታላቅን ማክበር መልካም አስተዳደጋችን ነው፤ ነገር ግን ነርሷ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን እያየች ሐኪሙን ላለማሳፈር ዝም ካለች የምትጎዳው በሽተኛዋ ናት። «ዶክተር፣ መጠኑን እንደገና እንየው» ማለትን ማንም በማይሞትበት በዚህ ልምምድ ተለማመዱት። የሕክምና ተማሪውም አንድ ጊዜ የነርሷን ቦታ ይያዝ፤ ትእዛዝ በጩኸት ሲመጣ ምን ስሜት እንደሚፈጥር ይወቀው።

ማኅፀን ማሸትንና ደም ሥር ማግኘትን ስክሪን አያስተምርም፤ እርሱን በእጃችሁ ተማሩት። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋም ጉዳዩን በወረቀት ጽፋችሁ በጠረጴዛ ዙሪያ ተለማመዱ።

ውጤታችሁን አይታችሁ ግን አትበተኑ። ትልቁ ትምህርት ያለው ከልምምዱ በኋላ በሚደረገው ውይይት ላይ ነው። ማን ምን አየ? ማን ሊናገር ፈልጎ ተወው? ለምን? በዚያ ውይይት መጀመሪያ የሚናገረው የወደፊቱ ሐኪም አይሁን፤ እርሱ ከተናገረ ሌላው መስማማት ይቀናዋል። ከአዋላጇ ወይም ከፋርማሲ ተማሪው ጀምሩ።