ባትሪዬ ለምን ይግላል? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ሰሞኑን መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ጥገና ቤቴ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ባትሪዬ ይግላል። እስኪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። በቃል እንስማማ፦ ባትሪ ስል በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው። ውስጡ የሚገባውን ቻርጅ ቢደረግም ባይደረግም ድንጋይ እለዋለሁ።

ጥያቄ (የሌሊት ጥበቃ፣ መሐል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ኤልኢዲ አይሞቅም ሲሉ ነበር የምሰማው። የእኔ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አናቱ ይፋጃል። ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ አልተሸወድክም። የድሮው አምፖል ከሚበላው ኃይል ከ90 በመቶ በላዩን ሙቀት ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ግን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጨዋል። ኤልኢዲ እንዲህ አያደርግም። ብርሃን ያልሆነው ኃይል እዚያው ምስር በምታክለው ቢጫ ነጥብ ውስጥ ይቀራል። መውጫው በጀርባዋ በኩል ወደ ብረቱ ነው። እና አናቱ ሲሞቅ ሙቀቱ እየወጣ ነው ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የማይሞቀው ነው። አንድ ደንበኛ «የእኔ ንክች አይለውም» እያለ የሚኮራበትን ባትሪ አመጣልኝ። ብርሃኑ ደብዝዞ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ፈታሁት። ኤልኢዲዋ ያለችባት ሳህን ያረፈችው ፕላስቲክ ላይ ነው። ቢጫዋ ጠቁራ መሐሏ ተሰንጥቋል። አሉሚኒየም ከፕላስቲክ በመቶዎች እጥፍ ሙቀት ያሳልፋል፤ እዚህ ግን ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ጨረሳት። የአንተን ለመጨበጥ ካልከበደህ ስጋት አይግባህ። ከያዝከው በኋላ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አላስችል ካለህ ግን አጥፋው፣ ወደ 60 ዲግሪ ተጠግቷል።

ጥያቄ (ገበሬ፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ሌሊት ሽንኩርት ሳጠጣ ባትሪዬን ትልቁ ብርሃን ላይ አደርገዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ ስሄድ ግን ይቆይልኛል። ድንጋዩ ደክሞ ነው?

መልስ፦ ድንጋዩስ ደህና ነው። ሻል ያሉ ባትሪዎች ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ብርሃን ይቀንሳሉ። የእናንተ ቆላ ነው፤ እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በብርድ እንንቀጠቀጣለን። (ሳስቶ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ ግን ብርዳችን ያንን ያካክሳል።) መሬት ላይ አታቁመው፣ ጨብጠው። ደምህ ሙቀቱን ይወስድለታል። መካከለኛው ላይ ብታደርገው ደግሞ ዓይንህ እምብዛም ልዩነት አያይም፣ ሙቀቱ ግን በጣም ይቀንሳል።

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ሲና)፦ ልጄ ብርድ ልብስ ውስጥ በባትሪ ያነባል። ያቃጥለው ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ ትንሹ ላይ ከሆነ ምንም አይል። ትልቁ ላይ ሆኖ አናቱ ጨርቅ ከነካ ግን ብርሃኑ ራሱ ጨርቁ ላይ ሙቀት ይሆናል። ጥቁር ጨርቅ ሊያጨስ ይችላል። እኔ ራሴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ኪሴ ውስጥ ሳላውቅ በርቶ ጭኔን ለብልቦኛል። ዘለልኩ፤ ሰው ሐዘን የበረታብኝ መሰለው።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ 9,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት (የሚይዘው የኃይል ልክ) የሚል ድንጋይ ገዛሁ። ቶሎ ያልቃል፣ ቻርጅ ላይም ይግላል።

መልስ፦ ጽሑፉ ውሸት ነው። ያ 18650 የምንለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ፣ ምርጡ እንኳ ከ4,000 ብዙም አያልፍም። በእጅህ መዝነው፤ ደህናው 45 ግራም ገደማ ነው። ቀለል ካለህ ጠርጥር። ቻርጅ ላይ የሚግል ከሆነ ንቀለው፤ ካበጠ ወይም ከሸተተ አትመልሰው። የመንዝ ሰዎች ደግሞ ውርጭ ላይ ያደረ ድንጋይ ሳይሞቅ ቻርጅ አታድርጉ፣ ከ0 በታች ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ሲግል ፍሪጅ ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ ተው። ሲወጣ ጤዛ ይሠራበታል።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ የጋለውን ራሴ መጠገን እችላለሁ?

መልስ፦ አናቱ በእጅ የሚፈታ ከሆነ፣ አዎ። ድንጋዩን አውጣ፣ ከሳህኗ ጀርባ የደረቀውን ቅባት ጥረግ፣ ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚቀባውን ቅባት በስሱ ቀባ። የስንዴ ፍሬ ታህል ትበቃለች። የጥርስ ሳሙና የቀባ ሰው አይቻለሁ፤ በሳምንቱ ደርቆ ተፈርፍሮ መጣልኝ።