የእህል ዋጋ ለምን ይወጣል፣ ለምን ይወርዳል? ጥያቄና መልስ

ዕድሜዬን በእህል ንግድ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ገበያው መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዋጋ ስትጠይቁ የእህሉን ዓይነት፣ የበቀለበትን አካባቢ፣ የምትገዙበትን ከተማና ወሩን ጥቀሱ። የአድአ ማኛና ሰርገኛ ጤፍ በአንድ ዋጋ አይጠሩም። የአንድ ቀን፣ የአንድ ገበያ ወሬ ሰምታችሁም አትወስኑ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤፍ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መልስ፦ የትኛው ጤፍ? የት? መቼ? መግቢያውን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ አዝመራው ጥሩ ነበር እየተባለ በሐምሌና በነሐሴ ዋጋው ለምን ይሰቀላል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። የመኸር እህል በብዛት የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚያው ሰሞን ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ክረምት ሲገባ የብዙ አነስተኛ ገበሬ ጎተራ ተሟጦ ባለቤቱ ራሱ ሸማች ሆኗል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና እንደልብ አይገባም። የቀረው እህል መጠበቅ በሚችሉ ጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ዋጋን የሚወስነው በአገር ውስጥ ያለው እህል ሁሉ ሳይሆን በዚያ ሳምንት ገበያ የወጣው ነው።

ሰማዩም አለበት። እህል ያከማቸ ሰው ነሐሴ ላይ ዓይኑ ማሳ ላይ ነው። ዝናቡ ከሰመረለት አዲሱ ሳይደርስ ያለውን ለመሸጥ ይጣደፋል፤ አጨዳ ሳይጀመር ዋጋው ይላላል። ዝናቡ ያለጊዜው ከተቋረጠ ግን መጋዘኑን ይዘጋል፤ ያኔ ገና ምንም ሳይታጨድ ዋጋው ይነሳል።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ዝናብ በበዛ ቁጥር እህል ይረክሳል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መቼ የዘነበ ዝናብ? ኅዳር ላይ በታጨደና በተከመረ ጤፍ ላይ ሲወርድ ጉዳት ነው። አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ገበያ ሄዳችሁ ገዢውን ተመልከቱ። ከጆንያው መካከል ጤፉን ይዘግናል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል፣ ከዚያ ያሸታል። በቆሎ ከሆነ በጥርሱ ይሰብረዋል፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ጥርስ ውስጥ ከላላ ገና እርጥብ ነው። የሻገተ ሽታ ካገኘ ዋጋውን እዚያው ይቆርጠዋል። ዝናብ ያላገኘው ንጹሕ ጤፍ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይወደዳል። የበልግ ዝናብ ሲቀርም ጉዳቱ በበልግ አምራቾች ላይ ብቻ አይቆምም፤ ረጅም ጊዜ የሚፈልጉት በቆሎና ማሽላ የሚዘሩት በዚያ ዝናብ ነው።

ጥያቄ (ከነቀምቴ)፦ ምርት ከጨመረ ገበሬው ይጠቀማል አይደል?

መልስ፦ ይህንን ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. መኸር በቆሎ እጅግ ጥሩ ምርት ሰጠ። በዚያው በ1994 ዓ.ም. ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ለአጨዳና ለማጓጓዣ የሚወጣውን እንኳ ስለማይመልስ በቆሎውን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ሰው በቆሎ ረከሰ ብሎ ሁለት እጥፍ አይበላም። ፍላጎቱ ሳይሰፋ አቅርቦቱ ትንሽ ሲያልፍ ዋጋው ብዙ ይወርዳል። ከወለጋ ወደ ሰሜን ለማድረስ የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ትርፉን ይበላዋል፤ እስኪያልፍ አቆይቶ የሚሸጥበት መጋዘንና ብድር ደግሞ የለም። በማዳበሪያ ዕዳ የተያዘው ገበሬ በቀጣዩ ወቅት የሚገዛውን ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው ክረምት ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። የጥጋቡ ዓመት ገበያ ስላልተጠበቀ የረሃቡ ዓመት ከፋ። መጋዘን፣ መንገድና ብድር እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ለምን ይሄዳሉ? ዋጋውን የሚያንረው ደላላ ነው።

ሌላ አባል፦ ደላላ ባይኖር ከገጠር የመጣ ጭነት አዲስ አበባ ላይ ገዢ እስኪያገኝ ስንት ቀን ይቆማል? የመኪናውን ወጪ አንተ ትከፍላለህ?

የመጀመሪያው፦ በደርግ ጊዜ ዋጋው ተወስኖ ነበር፤ ማንም እንዳሻው አይሰቅልም ነበር።

ሌላው አባል፦ የተወሰነው ለከተማ ነዋሪው ነው። አባቴ በግዴታ ለመንግሥት የሚያስረክበውን ኮታ ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በርካሽ ያስረክብ ነበር።

መልስ፦ ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ቀጥሉ። ደላላ መረጃ ደብቆ ገበሬውን ይጎዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጥር ላይ ዋጋ የሚወርደው ደላላው ደግ ስለሆነ አይደለም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ድርቅ ሲኖር ዋጋ መናሩ የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ አገራችሁ ራሷ ምስክር ናት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን አሳይቷል። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ነገር ስላልነበረው ገንዘብም አልነበረውም፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ገበያ ላይ ፍላጎት ሆኖ አይቆጠርም። ስለዚህ ዋጋው ረጋ ብላችሁ ሕዝቡ ጠግቧል አትበሉ። የከብትም ዋጋ ተመልከቱ፤ የእህሉ ዋጋ ባለበት ቆሞ የበሬው ከወረደም፣ ሰው እህል ለመግዛት ከብቱን እየሸጠ ነውና ችግር አለ።

ጥያቄ፦ ሻጭና ገዢን በአንድ ማዕከል የሚያገናኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን የዋጋ መዋዠቅ ለምን አላስተካከለም?

መልስ፦ በ2000 ዓ.ም. በበቆሎና በስንዴ ጀምሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክብደቱ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ። የጤፍ ንግድ ከእጅ ወደ እጅ እንደሆነ ቀረ።

ጥያቄ፦ የዩክሬን ጦርነት ከጤፍ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ማዳበሪያ። ከውጭ ይመጣል፣ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ናረ። ስንዴም ሲወደድ ሸማቹ ወደ ሌላ እህል ይዞራል።

ጥያቄ፦ አሁን እህል ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል?

መልስ፦ አሁንም ዓይነቱ አልተጠቀሰም! ጤፍ ከሆነ ነቀዝ እንደ በቆሎ አያጠፋውም፤ በደረቅ ቦታ ይቆያል። በቆሎ ካልደረቀና አየር በማያስገባ ከረጢት ካልታሸገ በጥቂት ወራት ዱቄት ይሆናል። የነቀዝ ክኒን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም አታድርጉ፤ የሚወጣው ጋዝ ቤተሰብ ይጨርሳል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ በቆሎዬን ጥር ላይ ልሽጠው ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕዳህን የሚዘጋውን ያህል ሽጥ። የቀረውን በደንብ አድርቀህ አሽገውና የመጋቢትና የሚያዝያን ዝናብ ተከታተል። ዝናቡ ከዘገየ አትቸኩል፤ ከሰመረ ሰኔ ሳያልፍ አውጣው። ከመሸጥህ በፊት የቡሬን፣ የባሕር ዳርንና የአዲስ አበባን ዋጋ በተለያዩ ቀናት ጠይቅ፤ የአንድ ገበያ ወሬ አይበቃም። ስንት ኩንታል እንዳለህና መጋዘንህ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ከዚያ በዝርዝር እንነጋገራለን።