ክለብ ውስጥ መቶ ማለፍ ብቻውን አይበቃም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ 17 ዓመቱ ነው። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ክለብ ውስጥ በአንድ ብሬክ፣ ማለትም ሳይስት በተከታታይ ኳስ እያስገባ፣ መቶ ነጥብ እያለፈ ነው። ኮሌጁን ትቶ የስኑከር ፕሮፌሽናል ልሁን ብሏል፣ እናታችሁም እንቅልፍ አጥተዋል። ይሄ የኔው ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ከረንቡላ ቤት ስቴካ ይዤ አደግኩ፣ ሼፊልድ ስመጣ ደግሞ ስኑከር ያዘኝ።

1. መግቢያው ኪው ስኩል የሚባለው የፕሮፌሽናልነት ማጣሪያ ነው፣ ከአንድ በላይ ውድድር አለው። በየዓመቱ አለ፣ የመመዝገቢያውን የከፈለ አማተር ይገባል። በየጨዋታው ቀድሞ 4 ፍሬም (ዙር ኳስ) የወሰደ ያልፋል። በእያንዳንዱ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት 4 ሰዎች የ2 ዓመት የፕሮፌሽናል ካርድ፣ ማለትም ከፕሮፌሽናሎች ጋር የመወዳደር ፈቃድ፣ ያገኛሉ። የገንዘብ ሽልማት የለውም። ሆቴሉም፣ ባቡሩም፣ ምግቡም ከኪስ ነው።

2. ጠረጴዛውን ተጠንቀቁ። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። የመጋዘን ሥራዬን ለቅቄ ለ8 ወር በቀን 6 ሰዓት ተለማመድኩ። በአንድ ብሬክ 127 ሠርቻለሁ፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። ግን የተለማመድኩበት የክለቡ ጠረጴዛ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ጨርቁ ያረጀና ቀርፋፋ ነው። ጥግ ላይ አንድ የውድድር ጠረጴዛ ነበረቻቸው፣ ሁልጊዜ ተሸፍና። ሥራ አስኪያጁን ለ1 ሰዓት ብቻ ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እሷ ለተጫዋቾች ናት» አለኝ። ለ5 ዓመት አባልነት የከፈልኩ ሰው ነኝ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኪው ስኩል የመጀመሪያ ጨዋታዬ ላይ ቀላል ቀይ ኳስ ነበረችኝ። ክለብ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የማስገባት ዓይነት። መታኋት፣ የቀዳዳውን አንዱን ከንፈር ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ አፉ ላይ ቆመች። ነጯ ኳስ ደግሞ ከጠበቅኩት ግማሽ ሜትር አልፋ ሄደች፣ ጨርቁ አዲስና ፈጣን ነዋ። ሰውዬው ተነስቶ 64 ሠራብኝ። 4 ለ 1 ተሸንፌ ወጣሁ። 8 ወር ሙሉ የተሳሳተ ነገር ሳጠና ነው የከረምኩት።

በሁለተኛው የኪው ስኩል ውድድር ግን ድሮ ፕሮፌሽናል የነበረ ሰው 4 ለ 3 አሸንፌያለሁ። የመጨረሻውን ፍሬም በ71 ብሬክ ነው የዘጋሁት። ሰደሪያዬን ለብሼ ያንን ፍሬም ስጨርስ የተሰማኝን በቃል አልችለውም። በሚቀጥለው ዙር ወጣሁ።

3. ካርዱን ቢያገኝም ገና ነው። በፕሮፌሽናል ውድድሮች የሚጫወተው ሰው ከመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደረጃው የሚቆጠረው በ2 ዓመት ውስጥ በተገኘ የሽልማት ገንዘብ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 64 ውስጥ ያልገባ ካርዱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ኪው ስኩል ይጠብቀዋል። ወንድምሽ «ዣኦ ሺንቶንግ በ2025 አማተር ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፣ እኔም ቤት ያለ ወሬ ነው። እውነት ነው፣ ከማጣሪያ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮና በሚካሄድበት የሼፊልዱ ክሩሲብል አዳራሽ ፍጻሜ ላይ ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፏል። ግን ዣኦ ጀማሪ አልነበረም። በ2021 የዩኬ ሻምፒዮንሺፕን የበላ ፕሮፌሽናል ነበር። አማተር የሆነው ታግዶ ቆይቶ ስለተመለሰ ነው።

4. ኮሌጁን አይተው። የመመዝገቢያውንም ቶሎ አትክፈሉ። መጀመሪያ ጠባብ ቀዳዳ ያለው፣ አዲስ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፈልጉለት። ቢያንስ 3 ወር እዚያ ይጫወት። መቶውን እዚያ ላይ ከደጋገመ ያኔ ከእናታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አውሩ።

ሼፊልድ አሁን የምጫወትበት ክለብ እንደዚህ ዓይነት ጠረጴዛ አለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው። ስቴካውን ይዞ ይምጣ፣ የሰዓቱን እኔ እከፍላለሁ። ያቺን እኔ የሳትኳትን ቀይ 20 ጊዜ አስቀምጥለታለሁ። ስንቷ እንደገባች ራሱ ይቁጠር።